የሞተሬን ስድስት ደረቅ ባትሪ በሊትየም ልቀይር? ብዬ ጠይቄ የመጡልኝ 34 መልሶች

ጥያቄውን ኢንተርኔት ላይ ባለ የሞተረኞች መድረክ የጻፍኩት አንድ እሁድ ማታ ነው። ሐዋሳ ነው የምኖረው። እንጀራ ጋግሬ ሐይቅ ዳር ላሉ ምግብ ቤቶች አደርሳለሁ። የማደርሰው በኤሌክትሪክ ሞተር ነው። ከመቀመጫው ስር ስድስት ደረቅ ባትሪ፣ ማለትም የታሸገ የእርሳስና የአሲድ ባትሪ፣ አለው፤ እያንዳንዱ 12 ቮልት፣ 20 አምፒር ሰዓት። ስድስቱ በተርታ ሲታሰሩ 72 ቮልት ይሆናሉ። አዲስ ሳለ አንዴ ከሞላ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ይወስደኝ ነበር። በ14 ወሩ 20 ላይ ወረደ። ከአቶቴ ሰፈር እስከ ሐይቅ ዳር ሁለት ዙር ከሄድኩ ሦስተኛውን የምሄደው እየተሳቀቅኩ ነው።

የጠየቅኩት ባትሪ ቤት 72 ቮልት ሊትየም እንዳለው ነገረኝ። የድሮውን ነቅሎ አዲሱን መሰካት ብቻ ነው፣ ሌላ የሚነካ ነገር የለም አለኝ። ጥያቄዬም ይኸው ነበር። ቮልቱ እኩል ከሆነ ባትሪውን ብቻ ብቀይር፣ ቻርጀሩም ሌላውም እንዳለ ቢቀጥል፣ ችግር አለው ወይ?

34 መልስ መጣ። ከመልሶቹ ውስጥ ገንዘቤን ያዳነልኝ አለ። ቤቴን ያዳነልኝም ያለ ይመስለኛል። ሌላ ሞተረኛ ተመሳሳይ ነገር ሲያስብ እንዲያገኘው፣ የተባለውን በቁጥሩ እያነሳሁ ልንገራችሁ።

ቁጥር 1 ከአዳማ የጻፈ ልጅ ነው። ወንድሜ ብሎ ጀመረ፤ ሴት መሆኔን አልጻፍኩም ነበር። እሱ ከቀየረ ስምንት ወር ሆኖታል። ሞተሩ ላባ ሆኖለታል፣ ዳገት ላይ አይደክምም፣ ቻርጅ ቶሎ ይሞላል። ምንም ሳልፈራ እንድቀይር መከረኝ። ስለ ቻርጀር ግን አንድ ቃል አላነሳም። ደስ ብሎኝ ልተኛ ስል ቁጥር 2 መጣ።

ቁጥር 2 ምክር ከመስጠቱ በፊት ሁለት ነገር ጠየቀ። ሊትየሙ የትኛው ዓይነት ነው? ቻርጀሩስ ስንት ቮልት ላይ ነው የሚያቆመው? ከዚያ አስረዳ። 72 የሚባለው የስም ቮልት ነው። አንድ ደረቅ ባትሪ ቻርጅ ላይ ሆኖ እስከ 14.7 ቮልት ይደርሳል፤ ስድስቱ አንድ ላይ 88 ገደማ። ኤንኤምሲ የሚባለው፣ ኒኬልና ኮባልት ያለበት ሊትየም፣ 20 ሴል፣ ማለትም 20 ትንንሽ ባትሪ፣ በተርታ ነው። አንዱ ሴል ከ4.2 ቮልት ማለፍ የለበትም፤ ድምሩ 84 ነው። ኤልኤፍፒ የሚባለው፣ የብረትና የፎስፌቱ፣ ብዙ ጊዜ 24 ሴል ነው። የአንዱ ጣሪያ 3.65 ነው፤ ድምሩ 87.6። ሦስቱም ላይ 72 ቮልት ተብሎ ይጻፋል። የሚፈልጉት ቻርጀር ግን የየራሳቸው ነው።

ሰኞ ጠዋት ቻርጀሩን ከጥግ አወጣሁት። ጀርባው የጤፍ ዱቄትና አቧራ ለብሷል። በነጠላዬ ጫፍ ጠረግኩት። 72 ቮልት፣ 3 አምፒር ይላል። ስንት ላይ እንደሚያቆም የተጻፈ ነገር የለም። ጎረቤቴ ቴሌቪዥን ይጠግናል፤ ቴስተሩን ይዞ መጣ። ቀዩን ጫፍ በአንዱ ቀዳዳ፣ ጥቁሩን በሌላው አስገባ። ቁጥሩ ትንሽ ወጣ ገባ አለና 88.4 ላይ ቆመ። ስልኬን አውጥቼ ለ20 አካፈልኩት። 4.42 መጣ። ባትሪ ቤቱ ጋ ደውዬ ሊትየሙ የትኛው እንደሆነ ጠየቅኩ። ኤንኤምሲ ነው አሉኝ። ስልኩን ዘግቼ ትንሽ ቁጭ አልኩ። ያ ቻርጀር በየማታው የሚሰካው ልጆቼ ከሚተኙበት ክፍል ግድግዳ ማዶ ነው።

ቁጥሩን መድረኩ ላይ አስቀመጥኩት። ጭቅጭቁም ከዚያ ጀመረ።

ቁጥር 3 ይህን ያህል መደናገጥ አያስፈልግም ባይ ነው። እያንዳንዱ የሊትየም ባትሪ ውስጡ ቢኤምኤስ አለው። ቢኤምኤስ ማለት ሴሎቹን የሚቆጣጠር ሰሌዳ ነው፤ አንዱ ሴል ሲበዛበት ራሱ ይቆርጣል። ስለዚህ ቻርጀሩ 88 ቢሰጥም ሰሌዳው 84 ላይ ይዘጋዋል። ቁጥር 4 ይህን ሲያነብ አልቻለም፤ ቃሉ ጠንከር ያለ ነበር። ሰሌዳው የመጨረሻ ዘበኛ እንጂ በየቀኑ በር የሚዘጋ ሠራተኛ እንዳልሆነ ጻፈ። በየማታው እየተደበደበ የሚያድር ዘበኛ አንድ ቀን እንደሚወድቅ፣ የወደቀ ቀን ደግሞ ከኋላው ማንም እንደሌለ ጨመረ። እንዲህ ያለ ምክር በአደባባይ መስጠት በሰው ቤት መቀለድ ነው ሲል ደመደመ።

ከቁጥር 4 ጋር ነኝ። ቃሉ ከረር ቢልም ነገሩ ትክክል ነው።

የአዳማው ልጅ በቁጥር 5 ተመለሰ። የተነካ ይመስላል። እሱም በድሮው ቻርጀር ነው የሚሞላው። ስምንት ወር ሙሉ ምንም አልሆነም፤ ሰው ሁሉ በወሬ ነው የሚፈራው። ቁጥር 6 በትህትና ለመነው። አንድ ማታ ከቻርጅ እንዳወጣው በእጁ እንዲዳስሰው፣ ካገኘም የእያንዳንዱን ሴል ቮልት እንዲለካ። ልጁ ለጊዜው ዝም አለ።

ቁጥር 7 ከሁሉም በፊት መምጣት የነበረበት ጥያቄ ነው። ስድስቱን ባትሪ ለየብቻ ለክቼ እንደሆነ ጠየቀኝ። ብዙ ጊዜ የሚሞተው አንዱ ወይ ሁለቱ ነው፤ የቀሩትን ይዞ የሚወርደው እሱ ነው። ሞተሩ እየሄደ፣ ማለትም ሸክም ላይ እያለ፣ የእያንዳንዱን ቮልት ማየት እንዳለብኝ ነገረኝ። የኋላውን ጎማ አንስተን ፍሬኑን ያዝ እያደረግን ለካን። አራቱ ከ12 በላይ ቆዩ። አንዱ 10.9 ገባ። አንዱ 9 ወረደ። ቁጥር 8 የሞቱትን ብቻ በአዲስ እንድተካ መከረ። ቁጥር 9 ደግሞ ይህ ብር መጣል ነው አለ። አዲሱ ከደከሙት ጋር ሲታሰር ቻርጀሩ እኩል ሊያጠግባቸው አይችልም፤ በወራት ውስጥ አዲሱም እንደነሱ ይሆናል። ከቀየርክ ስድስቱን አንድ ላይ ነው።

ቁጥር 9 ሌላም ነገር ነግሮኛል። ደረቅ ባትሪ ባዶውን ማደር አይወድም። ቻርጁ ወርዶ ሲቀመጥ ሳህኖቹ ላይ የሰልፌት ክሪስታል ይጋገራል፤ አንዴ ከጠነከረ አይመለስም። እኔ ቅዳሜ ማታ ጨርሼው እሁድን ሙሉ እንዲሁ ነበር የማሳልፈው፤ እሁድ ሥራ የለም ብዬ። 14 ወር ሙሉ በየሳምንቱ። መብራት የጠፋባቸውን ቀናት ሳልቆጥር ማለት ነው። ባትሪው ዕድሜው ያጠረው በእኔ እጅ እንደሆነ ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

ቁጥር 10 የራሴ ነው። የልኬቱን ውጤት ጻፍኩ፤ ወንድሜ የሚሉኝንም እህት መሆኔን ነገርኳቸው። ከዚያ ወዲህ እህቴ ሆንኩ። አንዳንዱ በጣም ቀለል አድርጎ ያስረዳኝ ጀመር፤ ቁጥሩን የለካሁት እኔ መሆኔን ረስቶ።

ቁጥር 11 ከድሬዳዋ ነው። እዚያ የባትሪ ጠላት ሙቀት ነው። በየ10 ዲግሪው ጭማሪ የደረቅ ባትሪ ዕድሜ በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ሊትየምም ቢሆን ፀሐይ ላይ ሞልቶ መቆም አይወድም። እሱ ሞተሩን ከቀትር በፊት ጥላ ስር ያስገባል፤ ቻርጅ የሚሰካውም ሳጥኑ ከቀዘቀዘ በኋላ ማታ ነው። ቁጥር 12 ከደብረ ብርሃን መለሰለት፤ የእሱ ችግር ተቃራኒው ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል። ሊትየም ከዜሮ ዲግሪ በታች ቻርጅ ከተደረገ ውስጡ ሊትየሙ ብረት ሆኖ ይለበጣል፤ ጉዳቱም አይመለስም። ስለዚህ ማታ ከሥራ እንደገባ፣ ባትሪው ገና ሞቅ እንዳለ ይሰካዋል። ጠዋት በውርጭ አይነካውም። እኔ ሐዋሳ ሆኜ ሁለቱም ብዙም አያሳስበኝም፤ ግን ወድጄ ነው ያነበብኳቸው።

ቁጥር 13 አዲስ አበባ፣ ሽሮ ሜዳ አካባቢ የሚሠራ ዴሊቨሪ ነው። ሊትየም በገባ በሁለተኛው ቀን ወደ እንጦጦ ሲወጣ ሞተሩ መሃል ዳገት ላይ ድርግም ብሎ ጠፋ። ቀስ እያለ መድከም የለም፤ ቁልፍ የነቀሉበት ያህል። ከኋላው ሚኒባስ ነበር። ቁልፉን አጥፍቶ ሲያበራ ተነሳ፤ ዳገቱን ሲይዝ ደግሞ ጠፋ። ምክንያቱን ያገኘው ከሳምንት በኋላ ነው። የሞተሩ ኮንትሮለር፣ ከባትሪው የሚሄደውን ኃይል የሚመጥነው ሳጥን፣ እስከ 40 አምፒር ይስባል። የገዛው ባትሪ ቢኤምኤስ የሚችለው 30 ነው። ደረቅ ባትሪ ሲጨናነቅ ቮልቱ እየወረደ ይታገሣል። ሊትየም ሰሌዳው ይቆርጣል፣ አለቀ። ከኮንትሮለሩ ከፍ ያለ ሰሌዳ ያለው እንድጠይቅ መከረኝ። የእኔ ኮንትሮለርም 40 ይላል፤ ባትሪ ቤቱ ሊሰጠኝ የነበረው ስንት እንደሆነ ስጠይቅ የሚያውቅ አልተገኘም።

ቁጥር 14 መካኒክ ነው። 24 ሴል ኤልኤፍፒ ከገዛሽ ከቻርጅ እንደወጣ ቮልቱ ከፍ ስለሚል ኮንትሮለሩ ይችለው እንደሆነ እዪ አለኝ። ከፍቼ ውስጡ ባሉት ትልልቅ ካፓሲተሮች፣ ኤሌክትሪክ ለአፍታ በሚይዙት ክፍሎች፣ ላይ የተጻፈውን የቮልት ጣሪያ እንዳነብ ነገረኝ። ከፈትነው። 100 ቮልት ይላል። በቂ ነው፤ የድሮው ቻርጀርም ሲሞላ 88 ያደርስ ነበርና። ቁጥር 15 ግን 23 ሴል ይሻላል ብሎ ተከራከረ፤ ሁለቱ ለአንድ ሴል ልዩነት ተጨቃጨቁ። እሱን ልለፈው።

ቁጥር 16 ላይ ትንሽ ልቆይ። የጻፈችው ባትሪ የምትገጣጥም ልጅ ናት። ስለ ኮብልስቶን ነው ያነሳችው። በሊትየም ባትሪ ውስጥ ሴሎቹን የሚያያይዘው ቀጭን የኒኬል ቆርቆሮ ነው፤ የሚለጠፈውም በነጥብ ብየዳ። የእኛ ከተሞች የውስጥ መንገድ ኮብልስቶን ነው። በየቀኑ ሺህ ጊዜ ይነቀነቃል። ብየዳው ደካማ ከሆነ አንዱ ይለቃል፤ የተቀሩት የእሱን ድርሻ ተሸክመው ይግላሉ። ሌላም አደጋ አለ። የስድስቱ ደረቅ ባትሪ ቦታ ሰፊ ነው። ሊትየሙ ትንሽ ስለሆነ ሳጥኑ ውስጥ ይንገላታል። ዙሪያውን በወፍራም ስፖንጅ አጥብቄ እንድሞላው፣ በቀበቶም እንዳስረው ነገረችኝ።

ያገለገለ ሴል እንዴት እንደሚለይም አሳየች። የላፕቶፕ ባትሪ እየፈቱ፣ አዲስ ሰማያዊ ፕላስቲክ አልብሰው አዲስ ነው ብለው የሚሸጡ አሉ። የሴሉ ጫፍ ላይ ሁለት ትውልድ የብየዳ ጠባሳ ካለ፣ የድሮው ተፍቆ አዲሱ ከጎኑ ካረፈ፣ ያ ሴል ሌላ ቤት ኖሯል። ሻጩ ክዳኑን ከፍቶ አላሳይም ካለ ደግሞ ሌላ ሱቅ እንድሄድ። ከሁሉም መልስ በጣም የጠቀመኝ የእሷ ነው።

ከቁጥር 17 እስከ 20 ወሬው ከመንገድ ወጣ። አንዱ ሊትየም ጉጂ ውስጥ ቀንጢቻ እንዳለ፣ እኛ ግን ባትሪውን ከቻይና እንደምንገዛ አነሳ። ሌላው የማዕድን ፖሊሲ ውስጥ ገባ። ቁጥር 19 ግድቡ ጳጉሜ 2017 ተመርቆ፣ 5,150 ሜጋ ዋት እየተባለ፣ ሰፈሩ መብራት በሳምንት ሦስት ቀን እንደሚሄድ በምሬት ጻፈ። ቁጥር 20 የማመንጫና የማከፋፈያ መስመር ሁለት የተለያየ ነገር እንደሆነ አስረዳው። እኔ ወደ ባትሪው እንመለስ ብዬ ለመንኩ።

የተመለስነው በቁጥር 21 ነው፤ ክርክሩም የከረረው እዚህ ጋ። የጻፈው ኒውዮርክ የሚኖር ሰው ነው። እዚያ ምግብ የሚያደርሱ ልጆች በኤሌክትሪክ ብስክሌት ነው የሚሠሩት። በ2023 በፈረንጅ አቆጣጠር በከተማዋ 268 የሊትየም ባትሪ ቃጠሎ ደርሶ 18 ሰው ሞቷል። በዚያው ዓመት ከተማዋ የደህንነት ማረጋገጫ የሌለው ባትሪ እንዳይሸጥ በሕግ ከልክላለች። እሱ ያለበት ሕንፃ ደረጃ ስር ሲቀጣጠል አይቷል። ጭሱ በደቂቃ ውስጥ መውጫውን ሞላው። ማንም ሰው ባትሪውን መኖሪያ ቤቱ ውስጥ እንዳይሞላ፣ ውጭ ጋራዥ ውስጥ እንዲያደርግ ለመነ።

ቁጥር 22 አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው የሚኖረው። መልሱ መራራ ነበር። ጋራዥ የሚባል ነገር የት እንዳየ ጠየቀው። ግቢው ውስጥ ሶኬት የለም፤ ቢኖርም ሞተሩ እስከ ጠዋት አይቆይም። ሊትየም የገዛውም ስለዚህ ነው። ስድስቱ ደረቅ ባትሪ 42 ኪሎ ነው፤ አራት ፎቅ ተሸክሞ ማን ይወጣል? ሊትየሙ 14 ኪሎ ነው፤ በአንድ እጁ ይዞት ይወጣል። ውጭ አገር ተቀምጦ እዚህ ያለውን ሰው ኑሮ ሳያውቁ መምከር ቀላል ነው አለ። የኒውዮርኩ ሰውም አልተወም። እሳት የሰው ኑሮ አይቶ እንደማይምር መለሰ። ቁጥር 24 እና 25 ወገን ይዘው ተሰዳደቡ፤ እዚህ አልደግመውም።

ያበረዱት ጡረታ የወጡ የፊዚክስ መምህር ናቸው፣ ቁጥር 26። ልጆቼ ብለው ጀመሩ። ሁለታችሁም ልክ ናችሁ አላሉም፤ የሁለቱንም ስህተት ለየብቻ አሳዩ። የኒውዮርኩ ልጅ ያየው እሳት እውነት ነው፤ ግን ሊትየም ሁሉ አንድ አይደለም። ኤልኤፍፒ ሲጎዳ ከኤንኤምሲ ይልቅ በከፍተኛ ሙቀት ነው የሚፈርሰው፣ ለመቀጣጠልም የዘገየ ነው። ያ ማለት አይቃጠልም ማለት አይደለም። የኮንዶሚኒየሙ ልጅ ደግሞ ጋራዥ ባይኖረው በረንዳ አለው። ባትሪውን ከመኝታ ክፍል ያርቅ፤ ከመውጫው በር ፊት ለፊት ፈጽሞ አያስቀምጥ፤ ሰው ነቅቶ ባለበት ሰዓት ይሙላ፤ ሲሞላ ይንቀለው። አልጋ ስርና ሶፋ ላይ አይሁን።

የደረቁን ባትሪ አባት፣ የመጀመሪያውን የእርሳስ ባትሪ፣ ፈረንሳዊው ፕላንቴ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1859 እንደሠራው፣ ኤልኤፍፒ ግን በ1990ዎቹ ከአሜሪካዊው ሳይንቲስት ከጉድኢናፍ ቤተ ሙከራ የወጣ እንደሆነም ነገሩን። ጉድኢናፍ በፈረንጅ አቆጣጠር በ2019 ኖቤል ሲሸለሙ ዕድሜያቸው 97 ነበር። መቶ ስልሳ ዓመት የለመድነውን ነገር በአንድ ቀን ስንተው ልማዳችንም አብሮ መለወጥ አለበት አሉ። የኮንዶሚኒየሙ ልጅ እሺ ጋሼ ብሎ ጻፈ። የኒውዮርኩም ይቅርታ ጠየቀ።

ቁጥር 28 የአዳማው ልጅ ነው። ሳይናገር ከርሞ ባትሪውን አስከፍቶ መጣ። ከ20ው ሴል ሁለቱ አብጠዋል። የአንዱ ቮልት ከሌሎቹ በግማሽ ቮልት ይርቃል። የሰሌዳው አንዱ ጥግ ቡና ቀለም ይዟል። ቻርጀሩን ወዲያው በ84 ቮልቱ ቀይሮ፣ ሁለቱን ሴል አስወጥቶ በተመሳሳይ አስተካከለ። ቁጥር 4ን በስም ጠርቶ አመሰገነው። ስህተቱን በአደባባይ የሚናገር ሰው እንዲህ ብዙ አይገኝም፤ በጣም አከበርኩት።

እኔም ገዛሁ። ኤልኤፍፒ፣ 24 ሴል፣ 20 አምፒር ሰዓት፣ ሰሌዳው 50 አምፒር የሚችል፣ ቻርጀሩ 87.6 ላይ የሚያቆም። ሁሉንም አንድ ላይ፣ ከአንድ ሱቅ፣ ክዳኑን ከፍተው አሳይተውኝ። የስድስቱን ደረቅ ባትሪ ሁለት እጥፍ ተኩል ከፈልኩ። ቤቴ ስገባ መጀመሪያ ያደረግኩት የድሮውን ቻርጀር ገመድ መቁረጥ ነው፤ ማንም ሳያውቅ እንዳይሰካው። አዲሱን የምሰካው በረንዳ ላይ፣ ሲሚንቶው ላይ ነው፤ ከምሽቱ አንድ ሰዓት እስከ ሦስት ተኩል፣ ሊጥ እያቦካሁ።

ሞተሩ ቀለለኝ። 28 ኪሎ ወርዶለታል፤ ያ አንድ ትልቅ መሶብ እንጀራ ነው። ግን ለሳምንት ያህል የሻሸመኔ መውጫ ላይ የጭነት መኪና ንፋስ ሲነካኝ ይንገዳገድብኝ ነበር። ክብደቱ ከስር ይይዘው ነበርና።

ቁጥር 30 ላይ የራሴን ችግር ጻፍኩ። ሞተሩ ላይ ያለው የባትሪ ማሳያ ሁልጊዜ ሙሉ ነበር። ሁለት ቀን መብራት ጠፍቶ አልሞላሁትም፤ ማሳያው ግን ሙሉ ይላል። ከሐይቅ ዳር ስመለስ፣ ታቦር ተራራ እየታየኝ፣ አንዱ መስመር ወረደ። መቶ ሜትር ሳልሄድ ሁለቱ ወረዱ። ከዚያ ዝም አለ። በቀትር ፀሐይ፣ ባዶውን ቅርጫት ከኋላ ጭኜ፣ እስከ ቤቴ ገፋሁት። ሁለት ልጆች መጥተው ከኋላ አገዙኝ።

ያስረዳኝ ቁጥር 31 ነው። የደረቅ ባትሪ ቮልት ከሙሉ ወደ ባዶ እየተንሸራተተ ይወርዳል፤ ማሳያው የተሠራው ለዚያ ነው። ስድስት ደረቅ ባትሪ አርፎ፣ ማለትም ሳይሞላና ሳይሠራ ቆይቶ፣ 77 ቮልት ካሳየ ሙሉ ነው። 24 ሴል ኤልኤፍፒ አርፎ 77 ካሳየ አምስተኛው ገደማ ብቻ ነው የቀረው። ሙሉው 80 ነው፤ ግማሹም 79 ነው። ጠረጴዛ ይመስላል፤ ጠርዙ ላይ ስትደርስ ነው የምትወድቀው። ስለዚህ ማሳያውን ትቼ ኪሎ ሜትር እንድቆጥር፣ ወይም ሰሌዳው ብሉቱዝ ካለው በስልክ የመቶኛውን እንዳይ። የእኔ አለው። አሁን በ45 ኪሎ ሜትር እሰካለሁ፤ ሳይቆም የሄደው ትልቁ 58 ነው።

ቁጥር 32 ሴት ናት። የድሮዎቹን ስድስት ምን እንዳደረግኳቸው ጠየቀች። ኩራሌው በኪሎ እንደሚወስዳቸው ጻፍኩ። በቁጥር 33 የመለሰችልኝ ረጅም ነው። ከባትሪው ክብደት ከግማሽ በላይ እርሳስ ነው። እነሱ ሰፈር አንድ ሰው ግቢው ውስጥ ባትሪ እየሰበረ፣ አሲዱን ቦይ ውስጥ እየደፋ፣ እርሳሱን በከሰል ያቀልጥ ነበር። ልጆች እዚያው አፈር ላይ ይጫወታሉ። ሴኔጋል ውስጥ፣ ዳካር አጠገብ ቲያሮይ የሚባል ሰፈር፣ በ2007 እና 2008 በፈረንጅ አቆጣጠር እንዲህ ባለ ሥራ ምክንያት 18 ሕፃናት በእርሳስ መመረዝ እንደሞቱ ጻፈች። ለሚሰብር ሰው እንዳልሸጥ፣ ሳይከፈት እንዳለ ወደ ባትሪ ነጋዴ እንድመልሰው ለመነችኝ።

ኩራሌው ቅዳሜ ሲመጣ የት እንደሚወስዳቸው ጠየቅኩት። ግቢ ውስጥ እንደሚያቀልጧቸው ሳይደብቅ ነገረኝ። አልሸጥኩለትም። አዲሱን የሸጠልኝ ሱቅ ስድስቱን ለመቀበል ተስማማ፤ የሚሰጠኝ ኩራሌው ካለው ያነሰ ነው። ማክሰኞ በባጃጅ ጭኜ ወሰድኳቸው። ባለሱቁ አንድ በአንድ ቆጥሮ፣ ፖሎቹን በፕላስተር ሸፍኖ፣ እንጨት ላይ ደረደራቸው።

ቁጥር 34 የዴሊቨሪው ልጅ ነው፤ የእንጦጦው። ባትሪዬ ዛሬ ጠዋት አርፎ ስንት ቮልት እንዳሳየ ብቻ ነው የጠየቀኝ። 80.1።